የአባዬን መደርደሪያ ያነሳሁት ላንተ ነው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆችህ ደህና ናቸው? ትልቋ ይሄኔ በቁመት አንተን ሳትደርስብህ አትቀርም። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ናት። ደብዳቤ ልጽፍለት ነው ስላት «አሁን ገና ልብ ገዛህ» ብላ እስክሪብቶና ወረቀቱን ራሷ አምጥታ ሰጠችኝ። ጅማም ያው ናት። ይህን ስጽፍልህ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው ነው።

መጀመሪያ መናገር ያለብኝን ልናገር። አንተን የወለዱ፣ ለኔም እናት የሆኑኝ እናታችን ያረፉ ጊዜ አልመጣሁም። መርዶው የደረሰኝ ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን ነው። ያኔውኑ አውቶብስ ተሳፍሬ መምጣት ነበረብኝ። ሥራ ይዞኛል፣ ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ። ከዚያ አርባቸው አለፈ። ከዚያ ወዲያ በምን ዓይኔ ልየው አልኩ። ስንት ጊዜ ቁጥርህን አውጥቼ ሳልደውል ስልኩን እንዳስቀመጥኩት አልነግርህም። እኒያ እናት እኮ አዲስ አበባ በተማሪነታችን ቅዳሜ ቅዳሜ የተጫዋቾችን የመምቻ ቦርሳ ተሸክመን ከጎልፍ ሜዳ ስንመለስ ለሁለታችን አንድ ትሪ ላይ ሽሮ ፈትፍተው ያበሉን ነበር። ሙዳዋን ሥጋ ካገኙ ወደኔ በኩል ነበር የሚገፏት። እኔ ግን አፈር ሳላለብሳቸው ቀረሁ። ሰባት ዓመት ዝም ያልኩት ባንተ ተቀይሜ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ይቅር በለኝ።

አሁን ወደ ሌላው ልግባ። የአባዬን ጋራዥ አትረሳውም። ላንድሮቨሩ የሚያድርበት፣ በቡና ወቅት ደግሞ መኪናው ውጭ እያደረ ጀንፈል በጆንያ የሚቆለልበት። ጅማ ስትመጣ ጆንያው ላይ ተጋድመን ወሬ ስንሰልቅ እናመሽ ነበር። አባዬ ካለፈ በኋላ መኪናውን ሸጥነው። ቤቱ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ ጎማ ማጎሪያ ሆኖ ከረመ። አሁን የጎልፍ መጫወቻ ክፍል አድርጌዋለሁ። ሲሙሌተር የሚሉትን።

እውነተኛ ኳስ በእውነተኛ መምቻ ትመታለህ። ኳሷ ሦስት ሜትር ሄዳ ሸራ ላይ ታርፋለች። ቀሪውን መንገድ መሣሪያው አስልቶ እዚያው ሸራ ላይ ያሳይሃል፤ ስንት ሜትር እንደሄደች፣ ወደየት እንደታጠፈች፣ ውሃ ውስጥ ገብታ እንደሆነም ሳይቀር።

ጅማ ከተመለስኩ ወዲህ መምቻ ጨብጬ አላውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ «አጎቴ፣ አሁን እኮ ሜዳ አያስፈልግም» ብሎ በስልኩ አሳየኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በማግስቱ ሜትር ይዤ ጋራዥ ገባሁ።

ርዝመቱ 6 ሜትር ከ20 ነው። ወርዱ 4 ሜትር ከ40። እነዚህ ይበቃሉ። ጣጣው ከፍታው ነበር፤ 2 ሜትር ከ50 ብቻ። ድራይቨር የሚባለውን ረጅሙን መምቻ ለሚያወናጭፍ ሰው 3 ሜትር ቢገኝ ነው የሚሻለው፤ እንዳንተ ላለ ረጅም ሰውማ ግድ ነው። ያቺን አሮጌ ኮርኒስ አስነሳናት። ከላይዋ የወረደውን አቧራና የአይጥ ጎጆ ለመጥረግ ሁለት ቀን ፈጀብን። ከዚያ እስከ ወራጁ 3 ሜትር ከ10 አገኘን። የዝናቡ ጩኸት ግን አያነጋግርም፤ የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ። አናጢው በወራጆቹ መሀል ስፖንጅ ጠቅጥቆ በቺፑድ ዘጋልኝ።

ሸራው ላይ ብዙ ደከምኩ። መጀመሪያ ከሂርማታ ገበያ ወፍራም የጭነት መኪና ሸራ ገዛሁ። በያጁ በቱቦላሬ ፍሬም ሠራልኝ፤ ሸራውን እንደ ከበሮ ወጥሬ ሰቀልኩት። ጥፋቱ መወጠሩ ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ ሰባት ቁጥር በምትባለው የብረት መምቻ መታኋት። ሸራውን ነክታ ተመለሰች፤ በጆሮዬ ሥር እልም ብላ አልፋ ከኋላዬ ያለውን አምፖል አነከተችው። ኳሷ በደንቡ ውፍረቷ ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም፣ ክብደቷም ከ45.93 ግራም አይበልጥም። ይቺው ትንሽ ነገር ግን በባለሙያ እጅ ከድራይቨር ስትለቀቅ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበራለች። እኔና አንተ 200 ብናደርሳት እንኳ ሦስቱን ሜትር በ0.05 ሰከንድ ገደማ ትጨርሰዋለች። ዓይንህን ለመጨፈንም አትደርስም።

ስለዚህ ሸራ አይወጠርም። ላላ ብሎ፣ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዙሪያውን በላስቲክ ገመድ ተይዞ ይንጠለጠላል። ኳሷ ስትመታው አብሯት ይሄዳል፤ ጉልበቷን ይውጥና ሥሩ ጠብ ያደርጋታል። እኔ ከኋላው የአባዬን አሮጌ ቡልኮ ጨመርኩበት። በኋላ የእህቴ ልጅ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነጭ ሸራ ላከልኝ፤ ቡልኮው ግን እዚያው ተሰቅሎ ቀረ። በጎንና በላይ ያለውን ብረት ሁሉ በፍራሽ ስፖንጅ ጠቀለልነው። ስታ ብረት ያገኘች ኳስ የት እንደምትመለስ አይታወቅም።

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከኋላህ ሁለት ሜትር ከምናምን ርቆ ተቀምጦ ኳሷን በራዳር ይከተላል። እሱ ኳሷ በአየር ላይ ጥቂት ሜትር ስትሄድ ማየት ይፈልጋል። ሌላው በካሜራ ነው። ከኳሷ ጎን ይቀመጥና በተመታችበት ቅጽበት ፎቶ በፎቶ ላይ ያነሳታል፤ ፍጥነቷን፣ የተነሳችበትን ማዕዘን፣ ሽክርክሪቷን ያነባል። ለጋራዥ የካሜራው ይሻላል ብዬ እሱን አስመጣሁ። ገንዘቡን አልነግርህም፤ ባለቤቴም እስካሁን አልጠየቀችኝም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወደ ሸራው ስትዞር በስተቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ የአባዬ መደርደሪያ ነበር። ከዋንዛ ያሠራው፣ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ የሚወጣ። ሚዛኑንና የቡና ናሙና ጣሳዎቹን የሚያስቀምጥበት። አናጢው «እሱን ምን አስነካህ? ኳሷን ትንሽ ወደ ቀኝ አስጠጋት፤ አንተ በግራዋ ቆመህ ትመታለህ፤ ክፍሉ ይበቃሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። በቀኙ ለሚመታ ሰው ይበቃል። ግራኝ ግን የሚቆመው ከኳሷ በስተቀኝ ነው። መምቻውን ወደ ኋላ ሲያነሳ መደርደሪያውን ያገኘዋል። ለሁለቱም እንዲሆን ከተፈለገ ኳሷ ልክ መሀል ትሆናለች፤ ወርዱም ሙሉ በሙሉ መለቀቅ አለበት።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። በግራው ጎልፍ የሚመታ ሰው ዛሬ ካንተ በቀር አላውቅም። አንተ ደግሞ ትመጣ እንደሆነ አላውቅም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ማንንም ሳልጠራ መዶሻና ምስማር መንቀያ ይዤ ገባሁና ራሴ ነቀልኩት። የታችኛው ጣውላ ሲነሳ ከኋላው ግድግዳው ላይ የአባዬ የእርሳስ ጽሑፍ ወጣ። የጆንያ ቁጥር፣ ኪሎ፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ድምሩ ስቶበት ሰርዞ እንደገና የጻፈው። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቀለም ቀቢው ሲመጣ ያቺን ቦታ እንዳትነካ አልኩት። ጣውላውን አልጣልኩትም። አናጢው ለመቆሚያችን ዝቅ ያለ መድረክ ሠራበት። አሁን የሚቆምበት ሰው ሁሉ በአባዬ ዋንዛ ላይ ነው የሚቆመው።

መሣሪያው ከኳሷ ማዶ፣ በተጫዋቹ ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ ለግራኝ ሰው ቦታው ይቀየራል። መድረኩ ላይ በቀለም ሁለት ምልክት አደረግሁ። ነጩ የኔ ነው፤ አረንጓዴው ያንተ። አረንጓዴው ላይ እስካሁን ማንም አላስቀመጠበትም።

ስለ ምንጣፉ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እዚያ ሠርተህ ብትሞክረው እንዳትጎዳ። መጀመሪያ ሊሾው ላይ ስስ ሰው ሠራሽ ሣር አንጥፌ እመታ ነበር። ሜዳ ላይ መምቻው ሣሩንና አፈሩን ቆርሶ ያልፋል። ሊሾ ግን አያሳልፍም፤ ምቱ በሙሉ ወደ ክርንህ ይመለሳል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ክርኔ በውስጥ በኩል ብርጭቆ ለማንሳት እንኳ አስቸገረኝ። ሐኪም ዕረፍት አዘዘልኝ። አሁን ከሣሩ በታች ጠንካራ ስፖንጅ አለ፤ መቆሚያውም ከኳሷ ጋር እኩል ነው። ደህና ሆኛለሁ።

ፕሮጀክተሩም አንዴ ተቀይሯል። ተራው ከኋላዬ ሲያበራ ጥላዬ ሸራው ላይ እየወደቀ ሜዳውን ሸፈነብኝ። ከቅርብ ሆኖ ሰፊ ምስል የሚጥለውን ዓይነት ከፊቴ ከላይ ሰቀልነው። መብራቱ ሲቆራረጥ ዕቃው እንዳይቃጠል ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ አለው። ክረምት ላይ ሻጋታ ሸራው ላይ ጀመረ፤ በሁለት ወገን የአየር መግቢያ አስከፈትኩ፤ ፀሐይ ስትወጣ በሩን ብርግድ አድርጌ አውለዋለሁ።

አሁን የገረመኝን ስማ። የመጀመሪያው ሳምንት ሰባት ቁጥር ስመታ 120 ሜትር፣ 120 ሜትር ይለኛል። አዲስ አበባ ሳለን 140 እመታ እንደነበር ታውቃለህ። እርጅና ነው ብዬ ከፋኝ። ለካ መሣሪያው በባሕር ጠለል ላይ ያለሁ መስሎት ነው! ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ኳሷን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል፤ ራቅ ብላ ትሄዳለች። የጅማን 1,700 ሜትር አስገባሁለት፤ ያው ምት 130 ገባ። ከዚያ ደግሞ 2,300 ብዬ የአዲስ አበባን አስገባሁ። ጥቂት ሜትር ጨመረ። ያን ማታ ሳልቀይረው እዚያው አዲስ አበባ ላይ ትቼው ብዙ መታሁ። የአሮጌው ኤርፖርት ጎልፍ ሜዳ ጠዋት፣ ሣሩ ላይ ጤዛ፣ ያንተ ባዶ እግር፣ ሁሉም መጣብኝ።

በተለይ አንድ ነገር። ለቀኝ እጅ የተሠራውን መምቻ ገልብጠህ በግራህ በጀርባው ትመታ የነበረውን። ሌሎቹ ካዲዎች፣ እንደኛው ቦርሳ ተሸካሚዎቹ፣ በቀኝህ ልመድ እያሉ ሲቆጡህ እሺ አላልክም። «ገና ላይ እሩሩን በግራዬ ነው የምመታው፤ ይኼንንም በግራዬ ነው የምመታው» ትል ነበር። ያ ቦርሳውን የምትሸከምለት ግራኝ ሽማግሌ አንድ ቀን በሩቅ አይቶህ መጣ። ምንም ሳይናገር ከቦርሳው ሰባት ቁጥሩን መዝዞ ሰጠህ። እስከ ማታ አላስቀመጥካትም።

ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር። ማታ ማታ «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ማዶ ያሉት እትዬ አንድ ምሽት በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ በጨለማ ምን እንጨት ነው የምትፈልጠው?» አሉኝ። አስገባኋቸው፤ በርጩማ ሰጠኋቸው፤ ቁጭ ብለው ግማሽ ሰዓት አዩ። አሁን የልጅ ልጆቻቸውን ቅዳሜ ከሰዓት ይልኩልኛል። አምስት ሆነው ይመጣሉ። እኔ እየመታሁ ወደፊት ማንም ከመድረኩ አያልፍም፤ ይህን መጀመሪያ ነው ያስተማርኳቸው። ከዚያ በተራ ይመታሉ። ቀስ ብሎ መምታት ኳሷን ይበልጥ ቀጥ እንደሚያደርጋት ያወቁ ጊዜ ፊታቸውን ብታየው!

ትመጣለህ? ግን መጀመሪያ የምመጣው እኔ ነኝ። ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ለመስቀል ሰሞን እነሳለሁ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን የግቤን ቁልቁለት ወርዶ መውጣት ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም። እናታችን መቃብር ጋ ትወስደኛለህ። ያላለቀስኩትን አለቅሳለሁ። ደጅህ ላይ ልታቆመኝ ከፈለግክም እቆማለሁ። ከዚያ ፈቃድህ ከሆነ አብረን ወደ ጅማ እንመለሳለን።

ሰባት ቁጥርህ እኔ ጋ ናት። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣህ ዕለት ከበሩ ኋላ ረስተሃት ሄድክ። እጀታዋ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ አስቀይሬዋለሁ። ብረቷን በዘይት ወልውዬ አረንጓዴው ምልክት አጠገብ አስደግፌያታለሁ። የጓንትህ ነገር ግን አልተሳካልኝም። እኔ ያሉኝ ሁሉ የግራ እጅ ናቸው፤ ላንተ የቀኝ ነው የሚሆነው። እሱን ብቻ ይዘህ ና።

ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ
ጅማ