ኦቨርሎክ ላይ ክር ማስገባት ሁለት ጊዜ ከፍዬ ተማርኩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በጋርመንት፣ ማለትም በልብስ ስፌት፣ እስከ ደረጃ 4 ተምሬያለሁ፤ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈትኜ አልፌያለሁ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ እዚያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የሐረጎን ዳገት በጠዋት እየወረድኩ ማታ እየወጣሁ። ዘንድሮ ዲግሪ አማረኝና በአንድ ተቋም የፋሽን ዲዛይን የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሆንኩ።

ለምዝገባ ስሄድ የኮሌጅ ትራንስክሪፕቴን ሰጠሁ። ሬጅስትራሩ ገልበጥ ገልበጥ አደረጉትና «ክሬዲት አወሩ የታለ?» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ኮርስ የሚለካበትን ማለታቸው ነው። የለውም። የእኛ ሞጁል የሚቆጠረው በሥልጠና ሰዓት ነው። ሲኦሲውም «ብቁ» ይላል እንጂ ኤ ወይም ቢ አይልም። «እንግዲያው ሁሉንም ከመጀመሪያው ትወስጃለሽ» ተባልኩ። በፌስታል ጠቅልዬ የወሰድኩትን ሥራ የፈታው የለም። በካኪ ወረቀት የቆረጥኩት የሸሚዝ ኮሌታ፣ የካፖርት እጅጌ፣ ስንቱ ነበረበት።

በሦስተኛው ሳምንት መምህሯ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋ ማሽን) ላይ ክር እንዴት እንደሚገባ ልታሳየን ተነሳች። የሠራበት ያውቀዋል፤ የታችኛው ክር መንገዱን ትንሽ ከሳተ ይበጠሳል። ተበጠሰባት። ደግማ ሞከረች፣ ደገመና ተበጠሰ። ተነስቼ በፒንሴት አስገባሁት። ተማሪው አጨበጨበ። መምህሯ ጠጋ ብላ «እህቴ፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ለዚሁ ኮርስ ከፍያለሁ።

ሁሉም ኤግዘምፕት ይደረግልኝ፣ ማለትም እንደተማርኩት ይያዝልኝ፣ አላልኩም። ሥዕል ላይ ደካማ ነኝ፤ ሰው ስስል እጁ ከእግሩ ይረዝማል። የአልባሳት ታሪክም ኮሌጅ አልተማርንም። እሱን በደስታ እማራለሁ።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምራ ወደ ዲዛይን ትምህርት ቤት ተሻግራለች። እዚያም ሁሉ ነገር አይያዝም አለችኝ። እንግሊዝኛና የመሳሰለው በውጤት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲ እና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። የእጅ ሥራውን ግን የኮርሱን ዝርዝር አስመጥተው፣ ፖርትፎሊዮዋን ዘርግተው አይተው ነው የወሰኑላት። ከፊሉን አልተቀበሏትም። ቢሆንም የቱ እንደተያዘ፣ የቱ እንደቀረ ሳትከፍል በፊት በወረቀት ሰጥተዋታል።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የኮሌጁ ሰዓት በስንት ክሬዲት እንደሚያዝ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። እስከዚያው አንድ መምህር ግማሽ ቀን ይስጠኝና ፊቱ ሸሚዝ ቆርጬ ልስፋ። ካቃተኝ ከአንደኛ ዓመት ልጆች ጋር አርፌ እማራለሁ።

ፌስታሉ አሁንም ሱቄ ውስጥ፣ ማሽኑ ሥር አለ።

ልብስ ሰፊዋ፣ ከደሴ