የመበለቶቹ ቋንቋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለብዙ ዓመታት መጽሐፍ ቅዱስ ሳስተምር፣ ቋንቋ በባቢሎን ተደባለቀ፣ በበዓለ ሃምሳ ዳነ እያልኩ ኖሬያለሁ። አሁን ይህ አነጋገር አይዋጥልኝም። በበዓለ ሃምሳ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ሲወርድ ሕዝቡ አንድ ቋንቋ አልተሰጠውም። የጳርቴው፣ የሜዱ፣ የግብፁ፣ የዓረቡ ሰው እያንዳንዱ የሰማው በተወለደበት ቋንቋ ነው። መንፈስ ቅዱስ ከሰሚዎቹ የማንንም ቋንቋ አላስቀየረም።

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ በጸሎት ጉባኤያችን ያለች አንዲት እናት ናት። አንድ ቀን በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ መጸለይ ስትጀምር፣ ከኋላ አንድ ሰው «ሁላችንም በምንሰማው ቢሆን» አለ። ክፋት የነበረው አይመስለኝም። እሷ ግን እጆቿን ወደ ጉልበቷ አወረደች፤ ከንፈሯ ጥቂት ተንቀሳቀሰና ጸሎቱ ተቋረጠ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ቤቴ ገብቼ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ገለጥኩ። የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ማጉረምረም የተነሣው በቋንቋ በተለያዩ ወገኖች መካከል ነው፤ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ እርዳታ ሲታደል ይዘለሉ ነበር። ሐዋርያት «በክርስቶስ አንድ ነን፣ ይህን አታንሡ» አላሉም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። ስማቸውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው! ማዕዱን ያስረከቡት፣ እንደሚገባኝ፣ ለተበደለው ወገን ነው። እኛ ግን ቅሬታ ሲነሣ ስለ ፍቅር ስብከት እንጨምራለን፤ አገልግሎቱን የሚመድቡት ያው የቀድሞዎቹ ናቸው።

በመሳፍንት 12 የገለዓድ ሰዎች የሚሸሹትን የኤፍሬም ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ በአነጋገራቸው ይለዩ ነበር፤ «ሺቦሌት» ማለት አቅቶት «ሲቦሌት» ያለው ይታረድ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ከኤፍሬም የወደቁት 42 ሺህ ናቸው። አንዲት ፊደል መጥራት አቅቷቸው፣ ያውም ወንድማማቾች ሆነው። እኛ ሰይፍ አልያዝንም፤ የአንዲት እናትን ጸሎት ግን ከመሃል ቆርጠናል።

ስለ አንድነት የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች፣ እባካችሁ ከባቢሎን ግንብ ወረድ በሉና የመበለቶቹን ማዕድ አሳዩን። በየጉባኤው መድረኩን፣ ገንዘቡንና ጸሎቱን ማን እንደያዘው ጠይቁ።

ያቺን እናት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። በሚቀጥለው ጉባኤ በቋንቋዋ ጸሎቱን እንድትመራም ለመንኳት። ገና እሺ አላለችኝም።

አንባቢያችሁ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪ