የላክሽልኝን ዝርዝር አየሁት

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሁሉም ሰላም ነው።

ዕቃ በዕቃ ልትገጥሚው ያሰብሽውን የሳይክልሽን ዝርዝር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ አንዴ እናትሽ ከተኛች በኋላ፣ አንዴ ደግሞ ካልኩሌተር ይዤ። በሦስተኛው ቡናዬ ቀዘቀዘ። "አባዬ፣ የሕልሜ ሳይክል ነው፤ ደስ እንዲለኝ ብለህ አትሸንግለኝ" ብለሻል። እሺ፣ አልሸነግልሽም። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን በስልክ ሲሆን አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ እናደዳለሁ። መጻፉ ይሻላል።

ገንዘቡ ላይ አፌን አልከፍትም። ሠርተሽ ያጠራቀምሽው ነው። እናትሽ "በዚህ ብር እኮ መኪና ይገዛል" ብላለች። ይገዛል። አንቺ ግን መኪና አላማረሽም።

የምጨቀጭቅሽ በቅደም ተከተሉ ነው። ዝርዝርሽ ከማርሹ ይጀምራል፤ ከዚያ ቸርኬ፣ ከዚያ ፍሬም። ኮርቻው መጨረሻ ላይ "የሆነ ቀለል ያለ" ተብሎ ተወርውሯል። ገልብጪው። ዓመቱን ሙሉ የምትቀመጪው ማርሹ ላይ አይደለም።

አንቺ ፍሬም ትያለሽ፣ እኔ ያደግኩት ተላዮ እያልኩ ነው። ጃንሜዳ ሳይክል የሚያከራይ ሰውዬ ጋ ክረምት ክረምት እየዋልኩ ጎማ ስለጥፍ ነው ሙያውን የለመድኩት። ተላዮ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነበር። ጣሊያንኛ የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ምድር ቤት የተሰቀለውን ቀዩን ተላዮ ታስታውሺዋለሽ? "አባዬ ለምን አይነዳውም?" እያልሽ እናትሽን ትጠይቂያት ነበር። አሁን ልንገርሽ። አሜሪካ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ገዛሁት። የጣሊያን ሥራ ነው፤ ቧንቧው ላይ የቧንቧ ሠሪው የኮሎምበስ ምልክት፣ ርግቡ፣ ተለጥፎበታል። ሳየው ልቤ ቀጥ አለ። መጠኑ 58 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ የኔ ልክ 54 ነው። ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ትለምደዋለህ" አለኝ። ሁለት ዓመት ልለምደው ሞከርኩ። ወደ መሪው እየተንጠራራሁ አንገቴ ደረቀ፣ ትንሿ ጣቴ ደነዘዘች። ከፐርሰልቪል ስመለስ መንገድ ዳር ሣር ላይ ተጋድሜ ወገቤን የማሳርፍበት ቦታ ሁሉ ነበረኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ለካ ይኼን ነው።

ስለዚህ ገና አንድም ነገር ሳትገዢ ልክ የሚወስድ ባለሙያ ጋ ሂጂ። ሁለት ቁጥር ይዘሽ ውጪ፤ ስታክና ሪች ይሏቸዋል። ከፔዳሉ መዘውር መሃል ተነስተሽ እስከ ፍሬሙ አንገት አናት ስንት ወደ ላይ፣ ስንት ወደ ፊት እንደሆነ የሚነግሩሽ ናቸው። ስሞልና ሚዲየም የሚሉትን እርሺው፤ የአንዱ ፋብሪካ ስሞል የሌላው ሚዲየም ነው። ቁጥሩ ግን አይዋሽም።

የመረጥሽው የካርቦን ፍሬም ያምራል፣ አልክድም። የማልወደው መሪውን ነው። መሪውና እሱን የሚይዘው አንገት አንድ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ የፍሬኑ ቱቦም በሆዳቸው ውስጥ ያልፋል። ከሁለት ወር በኋላ "አንድ ሳንቲ ሜትር ባጠረልኝ" ብትዪ መሪውን በሙሉ ትቀይሪያለሽ፤ ቱቦው ይፈታል፣ የፍሬን ዘይቱም እንደገና ይሞላል። መሪና አንገቱ ለየብቻ ከሆኑ ግን አራት ብሎን ነው። በግማሽ ሰዓት ጨርሰሽ ቡናሽን ትጠጫለሽ።

ደግሞ ኮሎራዶ ተቀምጠሽ ቲታኒየም አለማየትሽ ገርሞኛል። ሙትስ የሚባሉት ስቲምቦት ስፕሪንግስ ናቸው፤ ከዴንቨር በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይክል ይሠራሉ። ቲታኒየም አይዝግም፣ ቀለም አይፈልግም፤ ቢቧጨር በማሻሻ ጨርቅ ይጸዳል። ከካርቦኑ ጥቂት መቶ ግራም ይከብዳል። ይክበድ። ካርቦኑን ከወደድሽ ግን አልከለክልሽም። አንድ ነገር ብቻ እዪ፤ የፔዳሉ ኩሽኔታ በጥርስ የሚታሰር ይሁን። ተገፍቶ የሚገባው ዓይነት ልኩ ትንሽ ከሳተ በስድስት ወሩ ሲጥ ሲጥ ማለት ይጀምራል። እሱን ድምፅ ዳገት ላይ ብቻሽን ሆነሽ ስትሰሚው ሳይክሉን ገደል መጣል ያምርሻል።

ኮርቻውን በሚመለከት፣ ይኼን ዛሬ ማታ አድርጊው። ከእቃ መላኪያ ሳጥን ወፈር ያለ ካርቶን ቁረጪና ደረጃ ላይ አንጥፊው። ቀጭን ሱሪ ለብሰሽ ተቀመጪበት። ተረከዝሽን አንሺ፣ ጎንበስ በይ፣ አንድ ደቂቃ ቆዪ። ስትነሺ ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ታገኛለሽ፤ የመቀመጫ አጥንቶችሽ ናቸው። ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል በሚሊ ሜትር ለኪ። በዚያ ላይ ሃያ ገደማ ስትጨምሪ የኮርቻሽ ስፋት ነው። የመረጥሽው 120 ግራም የማይሞላው ካርቦን ኮርቻ የቀጫጭን ወንዶች ነው። ሴቶች ብዙውን ጊዜ ሰፋ ያለ ይስማማቸዋል። መልሶ ከሚቀበል ሱቅ ግዢ። ስለ ኮርቻ ሰው ምክር አትስሚ፣ የኔንም ጭምር።

የፔዳሉ ክንድ 172.5 ሚሊ ሜትር ብለሻል። ለምን? ቁመትሽ 1 ሜትር ከ63 ነው እኮ! 165 በቂሽ ነው። ክንዱ ሲያጥር ጉልበትሽ ወደ ደረትሽ መጥቶ አይታጠፍም። የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊው ፖጋቻር እንኳ በ2024 ወደ 165 ወርዷል፤ እሱ ደግሞ ካንቺ በብዙ ይረዝማል። የመሪው ስፋት የትከሻሽ ስፋት ነው፤ 38 ሳንቲ ሜትር ይመስለኛል። እናትሽ ቀሚስ ስትሰፋልሽ የጻፈችው ልክ ደብተሯ ላይ አለ፤ አይታ ትነግርሻለች።

አሁን ወደምትወጂው እንምጣ፣ ማርሹ። የሺማኖን ውዱን ማርሽ፣ ዱራ ኤስ፣ ጽፈሻል። እኔ ተከታዩን አልቴግራ እላለሁ። ሁለቱም 12 ማርሽ፣ ሁለቱም በኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ናቸው። ዓይንሽን ሸፍኜ ባስነዳሽ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየትሽን እጠራጠራለሁ። የክብደት ልዩነታቸው 300 ግራም አይሞላም፤ የዋጋው ግን ከሺህ ዶላር ይበልጣል። 300 ግራም ማለት የውሃ መያዣሽ ግማሽ አይሆንም። መቅለል ካማረሽ ውሃውን ጠጥተሽ ውጪ። 6.5 ኪሎ የሚለውን ሕልምሽንም ተይው። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ከ6.8 በታች የሆነውን ውድድር አያስገባም። ቱር ደ ፍራንስ የሚያሸንፈው ሰው ያልፈለገውን አንቺ ምን ታደርጊዋለሽ?

ልቤ የሚለው የጣሊያኑን ማርሽ ሠሪ፣ ካምፓኞሎን ነው፣ አልደብቅሽም። ቪቼንዛ፣ በ1933 እ.ኤ.አ. የተጀመረ። በልጅነቴ ስሙ የተቀረጸበት ማርሽ በዓይኔ ያየሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን ቅዳሜ ከሰዓት የሆነ ነገር ቢሰበርብሽ የሺማኖ ዕቃ ሰፈርሽ ውስጥ ታገኛለሽ። የካምፓኞሎውን አዝዘሽ ትጠብቂያለሽ። ፍቅር ሌላ፣ ቅዳሜ ሌላ።

ከስሙ ይልቅ የጥርሱ ቁጥር ነው የሚያሳስበኝ። ከፊት 52 እና 36፣ ከኋላ እስከ 30 ብለሻል። ይኼ የተወዳዳሪ ነው። አንቺ የምትወጪው ማውንት ብሉ ስካይ ተራራን ነው። ከአይዳሆ ስፕሪንግስ ከተማ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተነስተሽ 4,300 ሜትር ድረስ። አዲስ አበባ ላይ ጀምረሽ እንጦጦን ብታልፊ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ እንጦጦ ቢደረብበትና ከዚያም በላይ ብትሄጂ እንደማለት ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 ከመቶ ገደማ ነው። ከፊት 50 እና 34፣ ከኋላ እስከ 34 አድርጊው። 34 በ34 ማለት ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል፤ ሁለት ሜትር ከምናምን ትሄጃለሽ። ያንቺ ምርጫ በዝቅተኛው ማርሽ 20 ከመቶ ይከብዳል። "ሰው ምን ይለኛል" ብለሽ ከሆነ፣ 4,000 ሜትር ላይ የሚያይሽ ፍየል ነው።

ስለ ፍሬን ብዙ የምለው የለኝም። ዲስክ ነው፣ ከፊት 160 ሚሊ ሜትር አድርጊ፣ አለቀ።

ቸርኬ ላይ 60 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ካርቦን መርጠሻል። አንቺ 54 ኪሎ ነሽ። ከተራራው ሥር የሚነሳው የጎን ንፋስ ሲመታው እንደ ሸራ ይወጥርሽና መሪውን ከእጅሽ ይነጥቅሻል። ወደ 35 አውርጂው። ያተረፍሽውን ብር የቸርኬው መሃል፣ ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት ላይ አውዪው፤ የዲቲ ስዊስ 240 ጥሩ ነው፣ በእጅ ተፈትቶ ይጸዳል። በሁለቱም ቸርኬ 24 ሽቦ ይኑር። የሚሠራልሽ ሰው ጎበዝ መሆኑን ማወቂያ ልስጥሽ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍርሽ እንደ ክራር ምቻቸው። በአንድ ወገን ያሉት ተመሳሳይ ድምፅ ካላወጡ ክራሩ አልተቃኘም። መልሺለት። የሴራሚክ ኩሽኔታ የሚለውን ሰርዢው፤ ለታይታ ነው።

ጎማው ላይ ደግሞ እኔ ተሳስቼ ኖሬያለሁ። በኛ ጊዜ 23 ሚሊ ሜትር ጎማ እስከ 8 ባር እንነፋ ነበር። ድንጋይ ሲሆን ፈጠነ እንላለን። ለካ ጎማው ሲደርቅ አስፋልቱ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ጠጠር ወደ ላይ ታነጥርሻለች፤ በእግርሽ ያመጣሽው ጉልበት ሰውነትሽን በማንቀጥቀጥ ያልቃል። ባለፈው ዓመት 30 አስገብቼ ነፋሱን ቀነስኩት። ማውንት ቨርነን መንገድ ላይ የዛፍ ሥር ያነሳው አስፋልት አለ፤ ሁልጊዜ ጥርሴን ነክሼ ነበር የማልፈው። ያን ቀን ሳላውቀው አለፍኩት። ዞሬ ተመልሼ አየሁት፣ አስፋልቱ አልተጠገነም። አንቺም 30 አድርጊ። በክብደትሽ ከ4 ባር በታች ይበቃሻል። ቸርኬው ጠርዙ ላይ ጎማውን የሚይዝ መንጠቆ የሌለው ዓይነት ከሆነ ግን ጎማው ለእሱ የተፈቀደ መሆኑን አይተሽ ግዢ፤ ከ5 ባር በላይም በፍጹም እንዳትነፊ። ተፈናጥሮ ይወጣል።

ዝርዝርሽ ላይ ያጣሁት አንድ ዕቃ አለ፤ ኃይል የሚለካ መፍቻ። እኔ "እጄ ያውቃል" እያልኩ የካርቦን የኮርቻ ምሰሶ በመደበኛ መፍቻ አጠበቅኩ። ቀጭ አለ። እንቁላል ድስት ጠርዝ ላይ ስትመቺ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። 180 ዶላር። ምሰሶው ላይ "5 ኒውተን ሜትር" ተብሎ በነጭ ተጽፎ ነበር። መነጽሬን አላደረግኩም ነበር።

በነገርሽ ላይ፣ በ2024 ክረምት ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማልያ ሲለብስ በስልክ አብረን የጮህነው ትዝ አለኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱሩን ሲጀምር ደግሞ አንቺ ገና "ሳይክል የልጅ ነገር ነው" ትዪ ነበር። ያኔም ነግሬሽ ነበር፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደች ጊዜ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን፣ ሯጮች ብቻ አልነበሩም የሄዱት፤ ብስክሌተኞችም ነበሩ። አላመንሽኝም። አሁን ታምኚኛለሽ መሰለኝ።

እናትሽ በርበሬና ሽሮ አሽጋለች። መፍቻውን እዚያው ሳጥን ውስጥ፣ ከሽሮው ሥር አድርጌዋለሁ። ስትከፍቺው ቀስ በይ። የካርቶኑን ልክ ማታውኑ ላኪልኝ።

የፋሲካ ሰሞን እመጣለሁ፤ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። ዕቃው ቀድሞ ከደረሰ ጀምሪው፣ ሁሉንም ግጠሚ። የሹካውን አንገት፣ መሪው የሚታሰርበትን ቧንቧ፣ ግን እኔ ሳልመጣ እንዳታስቆርጪ። ሱቅ ውስጥ "ረዝሟል፣ አያምርም፣ እንቁረጠው" ይሉሻል። ይርዘም። ከሥሩ ቀለበቶቹን ደርድረሽ ከፍ አድርገሽ ንጂው። አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም። ወገብሽ ምን እንደሚል ሁለት ወር እንስማው፤ መጋዙን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

አባትሽ