የእንስሳት እንክብካቤ ክበብ ዘገባ፦ የኩስ መዝገብ የያዝንበት ዓመት

የክበባችን ዋነኛ ሰነድ የኩስ መዝገብ መሆኑን ስናገር የሚስቁብኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ፤ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኔም መሳቄ አይቀርም ነበር። ሆኖም ድንቡሼ የተባለችው የክበቡ ጥንቸል ዛሬ በሕይወት ያለችው በዚያ መዝገብ ምክንያት በመሆኑ፣ የዘንድሮው ዘገባ ከሞላ ጎደል ስለ አንዲት ጥንቸል ሆድ ቢሆን አንባብያን እንዲታገሡኝ እጠይቃለሁ።

ድንቡሼ ወደ እኛ የመጣችው ስሟ እንደሚናገረው ወፍራ ነው። 2.4 ኪሎ ግራም ትመዝን ነበር፤ ለሰውነቷ አቋም የሚስማማት 2 ኪሎ ግራም ገደማ እንደ ነበር የተነገረን በኋላ ነው። ከእርሷ ጋር የተረከብነው አንድ ከረጢት የተጨመቀ መኖ ስለ ነበር፣ ሳህኗን ጠዋትና ማታ ከአፍ እስከ ገደፉ እንሞላላት ነበር፤ ድርቆሹን ግን እንደ መኝታ ብቻ ቆጥረን በጥቂቱ እንጎዘጉዝላት ነበር። ተማሪዎቹም ፍቅራቸውን በካሮትና በሙዝ ይገልጹላት ነበር። ይህን አመጋገብ ያጸደቅሁት እኔ ስለሆንሁ ጥፋቱም የእኔ ነው።

በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት አጋማሽ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጎጆዋን ስትጠርግ፣ እንደ ወይን ዘለላ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ የሚያብለጨልጭና ሽታው የሚከረፋ ለስላሳ ኩስ አገኘች፤ ጥቂቱም ከጅራቷ ሥር ካለው ፀጉር ጋር ተጋግሮ ነበር። ሁላችንም «ተቅማጥ ይዟታል» ብለን ደመደምንና ቅጠላ ቅጠሉን ከልክለን መኖውን ጨመርንላት፤ በሌላ አነጋገር በሽታውን ቀለብነው።

ነገሩ የገባን ስለ ጥንቸል ሆድ ማንበብ ስንጀምር ነው። ጥንቸል የምትጥለው ኩስ ሁለት ዓይነት ነው። የምትበላው ሣር ትንሹን አንጀት ካለፈ በኋላ ይለያያል፤ ሻካራው አሰር አንጀቱን እየገፋና እያንቀሳቀሰ አልፎ ድቡልቡሉና ደረቁ ኩስ ሲሆን፣ ደቃቁ ክፍል ደግሞ በትንሹና በትልቁ አንጀት መገናኛ ላይ ወዳለው ዕውር አንጀት ይገባል። ይህ ከረጢት በጥንቸል ሆድ ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ሰፊው ነው። በውስጡ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን የገባላቸውን አብላልተው ፕሮቲንና የቢ ቪታሚኖች ያሉበት ለስላሳ ኩስ ያደርጉታል፤ ጥንቸሏም አብዛኛውን ጊዜ ሰው በማያያት ሰዓት አጎንብሳ በቀጥታ ከፊንጢጣዋ ተቀብላ ትውጠዋለች። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ላም እንዴት እንደምታመሰኳ ካስታወስኋቸው በኋላ ግን ነውርነቱ ቀለለላቸው። ስለዚህ መሬት ላይ የቀረው ለስላሳ ኩስ የሚነግረን ተቅማጥን ሳይሆን ያልተበላ ምግብን ነበር። ጥንቸል ይህን የምትተወው ከውፍረት የተነሣ መጎንበስ ሲያቅታት ወይም አሰር ያነሰውና ጣፋጭ የበዛበት ምግብ ሆዷን ሲያውክ ነው፤ በድንቡሼ ላይ ሁለቱም ተደርበው ነበር። እውነተኛ ተቅማጥ፣ በተለይ በግልገሎች ላይ ሲታይ፣ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ የሚያስሮጥ ሌላ ጉዳይ ነው።

መዝገቡ የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ሐሳቡን ያመጣው አንድ ዝምተኛ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ የዕለቱ ተረኛ የኩሱን ብዛትና መጠን፣ በፀጉር የተያያዘ መኖር አለመኖሩን፣ የተረፈውን ድርቆሽና የተጠጣውን ውኃ እንዲጽፍ ወሰንን። ጤነኛ ጥንቸል በቀን ከ200 እስከ 300 ኩስ ትጥላለች የሚለውን ስላነበቡ፣ ልጆቹ የመጀመሪያውን ሳምንት አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ሰነበቱ። ከዚያ በኋላ በኩባያ ወደ መስፈር ተሸጋገርን።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት አንድ ሰኞ ጠዋት የመዝገቡ ሐሳብ አመንጪ ከክፍል ጠርቶ አወጣኝ። ቅዳሜ የተጻፈው «አንድ ኩባያ፣ ሽንብራ የሚያክል» ሲሆን፣ እሑድ «ግማሽ ኩባያ፣ አነስ ያለ» ይላል፤ ሰኞ ደግሞ «11 ፍሬ፣ ቁንዶ በርበሬ የሚያክል፣ ሦስቱ በፀጉር የተያያዙ» ተብሎ ተጽፏል። ድንቡሼ ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን አጉብጣና ዓይኗን በግማሽ ጨፍና ጥርሷን ታንቀጫቅጫለች፤ ሙዝ ሲቀርብላትም ፊቷን አዞረች። እኔ «እስከ ነገ እንያት» አልሁ። ልጁ ግን «መምህር፣ ድርቆሹ እኮ ትናንት ጠዋት እንዳስቀመጥነው ነው» ብሎ መዝገቡን ዘረጋልኝ። ጥንቸል በአዳኞች የምትታደን እንስሳ በመሆኗ ሕመሟን ትደብቃለች፤ በግልጽ ስታሳይ ብዙ ጊዜ አልፏል። ለ12 ሰዓት ያልበላችና ያልጣለች ጥንቸል «ነገ» አትባልም። ለመሄድ ስንዘጋጅ አንድ ወላጅ በቅንነት ከቤት የተረፈ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ይዘው መጡ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን ብለን ሳንሰጣት ይዘነው ሄድን።

የእንስሳት ሐኪሟ በመጀመሪያ የጠየቁን መቼ እንደ በላችና መቼ እንደ ጣለች ነበር፤ መዝገቡን ስናሳያቸው ሌላ ብዙ ጥያቄ አላስፈለጋቸውም። የሰውነቷ ሙቀት ከ38.5 በታች መውረድ ያልነበረበት ሆኖ 37.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ተገኘ። አንጀቷ መንቀሳቀሱን አቁሞ ነበር። ከሁሉ አስቀድመው ሆዷን ዳስሰውና ራጅ አንሥተው አንጀቷ በአንዳች ነገር አለመዘጋቱን አረጋገጡ፤ ጥንቸል ማስመለስ ስለማትችል በተዘጋ አንጀት ላይ ምግብ መጋት ሊገድላት ይችላልና። ከዚያ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጧት፤ የሕመም ማስታገሻና አንጀት የሚያንቀሳቅስ መድኃኒትም ወጓት። የዋጠችው ፀጉር ዘግቷት እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ በጥንቸል ጨጓራ ውስጥ ምንጊዜም ፀጉር እንደሚገኝ፣ የሚጠነክረውም አንጀቱ ዘግይቶ ይዘቱ ሲደርቅ እንደሆነ አስረዱን። ሽሮፑን ሲያዩ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። እንዲህ ያለ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጥንቸል በአፏ ከወሰደች በዕውር አንጀቷ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ጨርሶ መርዝ ለሚያመነጩት ቦታ ይለቃል።

የመነሻው ምክንያት የተገኘው አፏ ውስጥ ነው። የጥንቸል 28 ጥርሶች ዕድሜ ልካቸውን ያድጋሉ፤ የሚሞርዳቸውም ድርቆሽ በማኘክ ብዛት ነው። በለስላሳ መኖ የኖረችው ድንቡሼ የመንጋጋ ጥርሷ ጠርዝ ሾሎ ምላሷን አቁስሎት ነበር፤ ሕመሙ መብላት አስተዋት፣ አለመብላቷም አንጀቷን አቆመው። ጥርሷ የተሞረደው ካገገመች በኋላ በማደንዘዣ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት እንዳትጾም አጥብቀው አዘዙን፤ የማታስመልስ እንስሳ መጾም አያስፈልጋትም፣ ባዶ ሆድ ግን ያንኑ አንጀት መልሶ ያቆመዋል።

የሚቀጥሉትን ሁለት ሌሊቶች ድንቡሼ እኔ ቤት አደረች። በየሦስት ሰዓቱ የድርቆሽ ዱቄት በውኃ በጥብጬ፣ በፊትና በመንጋጋ ጥርሶቿ መካከል ባለው ክፍተት በስሪንጅ ጥቂት በጥቂት እሰጣት ነበር፤ ሳትውጥ መጨመር ወደ ሳንባዋ ያስገባዋል። በሁለተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ፎጣው ላይ ሦስት ጥቋቁር ፍሬዎች አገኘሁ። በ20 ዓመት የማስተማር ሥራዬ በኩስ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዛሬ ከምትበላው 80 በመቶ የሚሆነው ድርቆሽ ሲሆን፣ ቀን ከሌት ከፊቷ አይጠፋም። መኖው በየሳምንቱ ጥቂት እየተቀነሰ በቀን ወደ 40 ግራም ወርዷል፤ ያደገች ጥንቸል በኪሎ ክብደቷ ከ25 ግራም በላይ እንዳትወስድ ተመክረናል። አዲስ ቅጠል ሲመጣ አንድ ዓይነት ብቻ፣ ለዚያውም በጥቂቱ እየሰጠን ኩሷን እንጠብቃለን። ውኃዋን ከጠርሙስ ወደ ሰፊ ሳህን ስለ ለወጥን የምትጠጣው ጨምሯል። ሙዝ በወር አንድ ጊዜ፣ ጥፍር በምታህል ቁራጭ ብቻ ተፈቅዷል፤ ይህን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ልጆቹ ሲሆኑ፣ እኔም ስጥስ ተይዤ በመዝገቡ ተመዝግቤያለሁ።

ክበቡ በዓመቱ ሁለት የግድግዳ ጋዜጣ አውጥቷል፤ አንድ የወላጆች ቀን ማሳያም አዘጋጅቷል። በእረፍቱ ወራት መዝገቡን የሚይዙት ተረኞች ስም በክበቡ በር ላይ ተለጥፏል። ትናንት የሰፈረው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «2.05 ኪሎ፣ አንድ ኩባያ ሙሉ፣ ሽንብራ የሚያክል፣ ለስላሳ የለም፣ ድርቆሹ አልቋል።»