ተለማማጅ መምህር ክፍተት መሙያ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጎንደር ከተማ በአንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ተመድቤ የማስተማር ልምምድ ላይ ነኝ። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት የክፍሉ መምህር ጠመኔውንና መጽሐፉን አስረክበውኝ ወጡ። የሥራ ጫናቸውን ስላየሁ አልወቅሳቸውም። የተላክሁት ግን ልምድ ካለው መምህር ሥር ሆኜ እንድማር ነበር።

ትምህርቱ ስለ ነጌቲቭ ቁጥሮች ነበር። አንዲት ተማሪ ደብተሯ ላይ −3 − 5 = 8 ብላ ጻፈች። ምክንያቷን ብጠይቃት «ነጌቲቭና ነጌቲቭ ፖዘቲቭ ይሆናል» አለችኝ። ደንቡን በቃሏ ይዛዋለች፤ የማባዛትና የማካፈል ደንብ መሆኑን ግን አላስተዋለችም። የሰሜን ተራሮችን ብርድ አነሳሁላት፦ ሌሊት ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ የነበረው ሌላ 5 ዲግሪ ቢወርድስ? «ይብስበታል እንጂ!» ብላ ከ8 ፊት የመቀነስ ምልክት ጨመረች። ደስ አለኝ። ሆኖም ከኋላ ያሉት ብዙዎቹ ያንኑ ስሕተት እንደያዙ ደወሉ ተደወለ። ልጆች የት ላይ እንደሚሰናከሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ነባሩ መምህር ነው፤ ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

ኮሌጆችና ርእሳነ መምህራን ይህን ያስቡበት። ተለማማጁ መጀመሪያ ተቀምጦ ይመልከት፤ ቀጥሎ አብሮ ያስተምር። ብቻውን ሲቆምም ነባሩ መምህር ከኋላ ሆነው ማስታወሻ ይያዙለት፤ ከክፍለ ጊዜው በኋላም ጥቂት ደቂቃ ያነጋግሩት። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ በፕሮግራሙ ላይ መጻፍና መከታተል ብቻ ነው።

ተለማማጅ መምህር፣ ከጎንደር