ጥቅስ መቁጠር ብቻውን አይበቃም

ስለ ሕፃናት ጤና ተመራማሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጅማ ሆኜ አነበብኩት። ተመራማሪን በታተመለት ጽሑፍ ብዛትና ሌሎች ተመራማሪዎች በጥናታቸው በጠቀሱት ቁጥር ብቻ መመዘኑ ግን አልተዋጠልኝም። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ ሁለቱን በአንድ ቁጥር የሚለካው ኤች-ኢንዴክስ 20 ሆነ ማለት፣ ሰውየው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው፤ አንዱ 2,000 ጊዜ ቢጠቀስም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም፣ ይባስ ብሎ ከ30 ጸሐፊዎች 15ኛ ሆኖ ስሙ የገባበት ጽሑፍም እኩል ይቆጠርለታል። ደግሞስ የሚጠቅሰው ሌላ ተመራማሪ ነው። እናት እስከ 6 ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ ቤት ለቤት የምትመክረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥናቱን ብትጠቀምበትም ማንም አይቆጥረውም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የጤና ሳይንስ መጽሔት አለው። እዚያ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ የሕፃናት ጤና ጥናት የአንድ ገጽ ማጠቃለያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተዘጋጅቶ ለጤና ጣቢያዎች ይላክ፤ ተመራማሪው ለማዕረግ ዕድገት ሲወዳደርም ነጥብ ይያዝለት።