የአዳራሻችን ጣሪያ ወድቋል፤ ትምህርት ሊከፈት ነው፦ የድጋፍ ጥሪ

ለቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ለወላጆች፣ ለአካባቢው ነዋሪዎችና ከአካባቢው ወደ ሌላ ሰፈር ለተዛወራችሁ ሁሉ፤

እኛ የመንግሥት ትምህርት ቤታችንን የስፖርት አዳራሽ ለማስጠገን የተሰባሰብን ኮሚቴ ነን፤ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ የደረሳችሁ ብዙ ናችሁ። ላልሰማችሁ፣ በሐምሌ መጨረሻ በረዶ ቀላቅሎ በዘነበበት ሌሊት የስፖርት አዳራሻችን ጣሪያ ከአንደኛው ጫፍ እስከ መሐል ድረስ ተደርምሷል። ወራጁ ለዓመታት ውኃ ሲጠጣ ኖሯል፤ የዚያን ሌሊት በረዶው አሸንዳው ውስጥ ሲከማች ክብደቱን መሸከም አቃተው። ክረምት ስለሆነ ውስጥ ልጅ አልነበረም። ስለዚህ ፈጣሪን ከማመስገን በቀር የምንለው የለም። የመረብ ኳስ ምሰሶዎቹና ሁለቱ የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛዎች ግን ከቆርቆሮው ሥር ቀርተዋል።

ይህን ጥሪ ስታነቡ «ደግሞ መጡ» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ወሩም ለመለመን የማይመች ወር ነው። የእንቁጣጣሽ ወጪ አለ፣ ደብተር አለ፣ የልጆች ልብስ አለ፣ ወዲያው ደግሞ መስቀል ይከተላል። እኛም ወላጆች ነን። ጣሪያው ግን ቀን መርጦ አልወደቀም።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ገንዘብ መላኪያው አንድ ጊዜ እንናገር፤ ኋላ ላይ እንደግመዋለን። ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተውና ሦስት ፊርማ ካልተሟላ ምንም በማይወጣበት ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩን እዚህ ያላሰፈርነው ሆን ብለን ነው። ባለፈው የመዋጮ ዙር ጥሪያችንን ገልብጦ ከሥሩ የራሱን ቁጥር ጽፎ ያሰራጨ ሰው ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ የሚገኘው ማኅተም ባረፈበት ማስታወቂያ ላይ በትምህርት ቤቱ ዋና በር፣ እንዲሁም በየምሩቃን ዓመቱ ተወካዮች እጅ ባለው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላይ ነው። በስልክ መልእክት የሚደርሳችሁ ቁጥር የእኛ አይደለም።

አሁን «እስከ ዛሬ የተዋጣው የት ገባ?» ወደሚለው ጥያቄ እንሂድ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚጠየቅበት ድምፅ ግን አንዳንድ ጊዜ ያሳዝናል።

በመጀመሪያው ዙር የተሰበሰበው ገንዘብ ሦስት ነገር ሠርቷል። ሜዳው ክረምት በመጣ ቁጥር ኩሬ ይሆን ስለነበር የፍሳሽ ቦይ ተቆፍሮለታል። የአዳራሹ ወለል ተነስቶ አዲስ ሊሾ ፈስሶበታል። ለሴት ተማሪዎች ውኃ ያለው የልብስ መቀየሪያ ክፍልና መጸዳጃ ተሠርቷል። አብዛኛው ትችት የሚያርፈው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው፤ «ጣሪያው እያፈሰሰ መጸዳጃ ቤት ትሠራላችሁ?» ተብለናል። አዎ፣ ሠርተናል፤ ዛሬም ያው ገንዘብ ቢሰጠን ያንኑ እናደርጋለን። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ኳስ የሚያቆሙት ሴቶች ልጆች የሚያቆሙት ስፖርት ጠልተው አልነበረም። ልብስ የሚቀይሩበት ቦታ ስላልነበራቸው ነው። ክፍሉ ከተሠራ ወዲህ የሴቶች የመረብ ኳስ ቡድናችን ተቀያሪ ሳያጣ ዓመቱን ጨርሷል። በእኛ ግምት ከወጣው ብር ሁሉ በተሻለ ቦታ የዋለው እሱ ነው። ደረሰኞቹ በገንዘብ ያዣችን እጅ ተጠርዘው ተቀምጠዋል፤ መጥቶ ማየት የሚፈልግ በሩ ክፍት ነው። እስካሁን ግን ከሚተቹት መካከል መጥቶ ያየ የለም።

ጣሪያውንም ረስተነው አልነበረም። ሁለተኛው ዙር የተጀመረው ለእሱ ነበር። ባለሙያ አስጠርተን የዋጋ ግምት አሠራን፤ መዋጮም ጀመርን። ከዚያ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብረትና የቆርቆሮ ዋጋ ግምታችንን ጥሎት ሄደ። በዚያው ሰሞን ደግሞ መዋጮ ይሰጠን የነበረው ሰፈር ራሱ ተበታተነ። የፒያሳ ነዋሪ በ2016፣ የካዛንቺስ ነዋሪ በ2017 በከተማው የኮሪደር ልማት ምክንያት ወደ ዳር ሰፈሮች ሄደ። ለስብሰባችን ድንኳንና አግዳሚ ያውሰን የነበረው ዕድር አባላቱ በየአቅጣጫው ስለሄዱ ፈረሰ። ከሠፈራችሁበት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ የእናንተ አለመኖር ምን ያህል እንደጎዳን እወቁልን። የተሰበሰበው ገንዘብ በሒሳቡ ውስጥ አለ፤ አንድ ሳንቲም አልተነካም፤ ነገር ግን ከሚያስፈልገው ግማሹን አይሞላም።

ይህ አዳራሽ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃችኋል ለምትሉን መልሱ ከትምህርት ቤቶች ውድድር ጋር የተያያዘ ነው።

የከተማችንን የስፖርት ታሪክ የሚያውቅ ሰው፣ ስፖርት ከትምህርት ቤት ግቢ እንደወጣ ያውቃል። በ1917 ከተከፈተው ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የወጡት ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፤ በጥር 1954 እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ብሔራዊ ቡድንም በእሳቸው ይመራ ነበር፤ በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በደርግ ዘመን ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ተወርሰው ስለነበር የግልና የመንግሥት የሚል ልዩነት በሜዳ ላይ እንደ ዛሬው ጎልቶ አይታይም ነበር። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግል ባለሀብቱ በሩን ከከፈተ በኋላ ግን ሁለት ዓይነት ቡድን በአንድ ሜዳ መገናኘት ጀመረ። አንደኛው በራሱ አውቶቡስ፣ ከአሠልጣኝና ከረዳት አሠልጣኝ ጋር፣ ሁለት ዓይነት መለያ ይዞ ይመጣል። ሌላው የአንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ትዕግሥትና ሁለት ኳስ አለው፤ ከሁለቱ አንዱ ቀስ እያለ ይተነፍሳል።

ነገሩ ግን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። በመሐል አዲስ አበባ ያሉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች መኖሪያ ቤት ተከራይተው የሚያስተምሩ ናቸው፤ ግቢያቸው ሕፃናት መኪና በሚቆምበት መሬት ላይ የሚሰለፉበት ነው። ሰፊው መሬት ያለው በአሮጌዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እጅ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የእኛን ሜዳ የሚከራዩት እነሱ ናቸው። ከፍለው፣ ኮናቸውን ደርድረው፣ በአዲስ ኳስ ይለማመዳሉ፤ የእኛ ልጆች አጥሩ ሥር ተቀምጠው ያያሉ። የኪራዩ ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ ጠመኔና ወረቀት ይሆናል፤ እኛም አንቃወምም። መሬቱ የእኛ፣ ጨዋታው የሌላ ሲሆን ግን ሆድ ይብሳል።

ከዚያ ደግሞ ልጅ መውሰድ አለ። ጎበዝ ተጫዋች ስናወጣ ነፃ የትምህርት ዕድል ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ባለፈው ዓመት የመረብ ኳስ ቡድናችን ምርጥ አጥቂ እንዲህ ሄዳለች። እናቷን አንወቅስም፤ የእኔ ልጅ ብትሆን እኔም እሰድዳት ነበር። በሚቀጥለው ወር ግን ከመረቡ ማዶ ቆማ አገኘናት፤ ነጥብ ባስቆጠረች ቁጥር የእኛዎቹ ልጆች ማጨብጨብ ይገባቸው እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ነበር።

አሜሪካ የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ይህን ስንነግራቸው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። በሚኖሩበት በቨርጂኒያ የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶች በየራሳቸው ማኅበር ለየብቻ ይወዳደራሉ። በኢሊኖይ ደግሞ አብረው ይወዳደራሉ፤ ሆኖም ተማሪ ከየትም መቀበል የሚችል ትምህርት ቤት የተማሪው ቁጥር በ1.65 ተባዝቶ ስለሚታሰብ ከትልልቆቹ ጋር ይመደባል። በአላባማም ለብዙ ዓመታት 1.35 የሚባል ማባዣ ነበር። ምክንያቱ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ አንዱ በአካባቢው ያለውን ልጅ ይይዛል፣ ሌላው መርጦ ያመጣል። «እናንተም ለብቻ ውድድር ይደረግልን ብላችሁ ጠይቁ» አሉን። ኮሚቴው ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራከረበት፤ አልተስማማንም። ለየብቻ መጫወት ዋንጫውን ያቀርብልን ይሆናል፤ ልጆቻችን ግን ከጠንካራው ጋር ካልተጋጠሙ የት ላይ እንዳሉ በምን ያውቃሉ? የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። እንጋጠም፤ ግን እኛም የምንለማመድበት ጣሪያ ይኑረን።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የለም ወይ?» የሚለንም አለ። ይህችን ነገር ስንሰማ መኖራችን ራሱ ይበቃል። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ጫማ የጎዳው ጀግና የለም።

አዳራሹ ቅንጦት ያልሆነበትን ምክንያት ደግሞ የማለዳ ታክሲ ተሳፋሪ ይረዳዋል። ከከተማው ዳር፣ ከእነ ገላን ጉራ እየተመላለሱ የሚማሩ ልጆች አሉን። ከትምህርት በኋላ ቆይተው ቢለማመዱ ቤታቸው የሚደርሱት በጨለማ ነው። ስለዚህ ልምምዱ በምሳ ሰዓትና በክፍት ክፍለ ጊዜ መሆን አለበት፤ ያ ማለት ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ወይም በዝናብ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍሎችም ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚወስዱት ከሆነ ወዲህ የዓመቱን ሁለተኛ አጋማሽ ለስፖርት አይሰጡም። ቀድሞ ጃንሜዳ ወረድ እንል ነበር፤ በ2012 በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ወደዚያ ሲዛወር የልጆቹ ልማድ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላም እንደ ድሮው አልተመለሰም።

ስለ ዋጋው ሁለት ሐሳብ በተደጋጋሚ ስለሚመጣ እንመልስ። አንደኛው «ግድግዳውን ዝቅ አድርጋችሁ ትንሽ ጣሪያ አልብሱት» የሚል ነው። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ነው፤ ከወለሉ በላይም ቢያንስ 7 ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ዝቅ ካደረግነው መጋዘን ይሆናል እንጂ መጫወቻ አይሆንም። ሁለተኛው «32 ጌጅ ቆርቆሮ ይበቃል» የሚል ነው። የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ በረዶ ያፈረሰውን ጣሪያ በስስ ቆርቆሮ መመለስ ለሚቀጥለው ሐምሌ ቀጠሮ መያዝ ነው። ባለ 28 ጌጅ እንገዛለን፤ የበሰበሰውን እንጨት በብረት እንተካለን፤ አሸንዳውን እናሰፋለን። የብየዳ ሥራውን ከቀድሞ ተማሪዎቻችን አንዱ ያለ እጅ ዋጋ ሊሠራልን ቃል ገብቷል። ቀሪው የዕቃ ግዢ ነው።

መዋጮው ድርሻ ተብሎ ተከፍሏል። አንድ ድርሻ 1,000 ብር ነው። አንድ ሙሉ ድርሻ የማይችል ከሌላ ሰው ጋር ይካፈል፤ ተማሪዎች የሚሰጡት 50 ብርም በደረሰኝ ይመዘገባል። ዕቃ መስጠት የሚፈልግ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም እንቀበላለን። ያገለገለ ቆርቆሮ ግን እባካችሁ አታምጡ፤ ባለፈው ጊዜ የመጣው እስካሁን አጥሩ ሥር ተቀምጦ ዝገት እየበላው ነው።

ለክርስቲያኑ፣ አሥራት በኩራት የሚከፈለው ለቤተ ክርስቲያን መሆኑን እናውቃለን፤ ከዚያ የተረፈ ምጽዋት ካለ ግን ለእነዚህ ልጆች ቢሆን ከጽድቅ አይጎድልም። ለሙስሊሙ፣ ሰደቀቱል ጃሪያ ማለት ሰጪው ካለፈ በኋላ እንኳን አገልግሎቱ የማይቋረጥ ስጦታ ነው፤ የትምህርት ቤት ጣሪያ ከዚህ ወገን እንደሚሆን ኮሚቴያችን ውስጥ ያሉ አባቶች ነግረውናል። በሃይማኖት መንገድ ማምጣቱ የማይመቻችሁ ደግሞ በዜግነት አምጡት። በዚህ ግቢ ያለ ክፍያ ተምረን ወጥተናል፤ ለብዙዎቻችን እንጀራ የሆነን እሱ ነው።

የመላኪያውን ነገር እንደገና እንላለን፤ መሰልቸቱ ይቅር ይባለን። በኮሚቴው ስም ወደተከፈተው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ብቻ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው የባንክ ሒሳብ አስተላልፉ፤ በግለሰብ ስልክ ቁጥር አንቀበልም፤ የኮሚቴው አባል ነኝ ቢላችሁም አትላኩለት። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ የተመረቃችሁበትን ዓመት ጻፉ፤ ይህ ካልተጻፈ የማን እንደሆነ ለመለየት ገንዘብ ያዣችን ሌሊት ያድራሉ። የላካችሁበትን ማረጋገጫ አስቀምጡ። በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከግቢው አትውጡ። ውጭ አገር ያላችሁም በባንክ በኩል ወደዚያው ሒሳብ ላኩ፤ በሰው እጅ የሚላክ ገንዘብ አንፈልግም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በ5 ሰዓት በግቢው ውስጥ እንሰበሰባለን። የወደቀውን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ደረሰኞቹን አገላብጣችሁ፣ የዋጋ ግምቱን ጠይቃችሁ ሂዱ። ቢዘንብ ስብሰባው በቤተ መጻሕፍቱ ይሆናል። የሒሳብ ቁጥሩ በሩ ላይ ነው፤ ማኅተሙን ሳታዩ አትገልብጡ።

የአዳራሹ ጥገና ኮሚቴ